ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ባቄላ

ጥር 9

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ስጀምር እጄ ትንሽ ቆመ። ስምንት ዓመት እንዴት እንደሰነበትሽ መጠየቅ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ሲጀመር ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደመግባት ይመስለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ሳይንስ አስጠኚኝ ብዬ ለላክሁልሽ ቁራጭ ወረቀት የመለስሻት አጭሯ መልስ ደርሳኛለች። «ሚጢ ብለው አይጥሩኝ» ያልሽውን አንብቤ ተቀብያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ለመዳፈር አልነበረም። «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን አስታወስኩዎት? ደግሞስ ለምን ስለ ሳይንስ?» ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ።

የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ሰኔ ላይ ትልቁን ፈተና እፈተናለሁ። ቀን ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ማታ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ልጆች የምላቸው በእኔ ዓይን ነው፤ ቀን ሠርተው የሚያድሩ ጎረምሶችና ኮረዳዎች ናቸው። እጄን ቶሎ ቶሎ ስለማወጣ «እማማ ለምን» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ቋንቋውና ሒሳቡ ብዙ አላስቸገረኝም። የከበደኝ ሳይንሱ ነው። መምህራችን ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ቀን ሌላ ቦታ አስተምሮ ስለሚመጣ ይደክመዋል። «ለምን?» ስለው «በቃ እንደዚያ ነው፣ ይሸምድዱት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መሸምደድ አይሆንልኝም።

አንቺ የሳይንስ መምህርት መሆንሽን ሰምቼ ነበር። አንቺን የመረጥኩት ግን የማነበው መጽሐፍ ያንቺ ስለሆነም ነው። የሰባተኛ ክፍሉ፣ እኛ ቤት ሳለሽ የተማርሽበት፣ ወንድምሽ በካኪ ወረቀት የሸፈነልሽ። ዳር ላይ የሳልሽው ጢማሙ እንቁራሪት እስካሁን አለ። ማንበብ የለመድኩት በእሱ ነው። አንቺ ኮሌጅ ገብተሽ ያንቺን ዩኒፎርም መተኮስ ሲቀርብኝ፣ በዚያ ሰዓት መጽሐፍሽን ገለጥ እያደረግኩ ፊደል በፊደል ስቆጥር ኖርኩ።

ያደረግኩት ነገር እንዳለ ነው። ወንድምሽ አልጋ ላይ ሆኖ «ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትነግሪያት» ሲለኝ እሺ አልኩት። አንቺ የኮሌጅ ፈተናሽን ጨርሰሽ ስትመጪ እሱ ተቀብሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም። ዝም ብዬ ስለ ውሃና ስለ አየር ብጠይቅሽ የረሳሁት እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ይቅርታ በፖስታ አይላክም። አንድ ቀን ግን በሬን ከፍተሽ ብትገቢ፣ ከዚህ ዓለም የምፈልገው እሱን ነው።

እስከዚያው ይህን መልሽልኝ። ውሃ የያዘ ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠቀለል ለምን ይቀዘቅዛል? ጨርቁ ራሱ እኮ በረዶ አይደለም።

የወንድምሽ ሚስት

ጥር 27

ለወንድሜ ባለቤት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጥያቄዎችዎን እመልሳለሁ፤ ግን በአንድ ውል። የምንጻጻፈው ስለ ትምህርቱ ብቻ ይሆናል። ስለ ወንድሜ፣ ስለዚያ ሳምንት፣ ስለ እርስዎ ጉልበትም ሆነ ስለ እኔ ኑሮ አይጻፍ።

አንዴ ብቻ ተናግሬ ልዝጋው። የተቆጣሁት ስለዘገየሁ አይደለም። «ፈተናው ይሻልሻል ወይስ ወንድምሽ?» ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱን አላጣውም ነበር። ምርጫው የእኔ ነበር፤ እርስዎ መረጡልኝ። ስለ በርዎ የጻፉትን እንዳላነበብኩት አድርጌ አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ውሃ ከፈሳሽነት ወደ ተንነት ሲለወጥ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ሙቀት የሚያገኘው አጠገቡ ካለው ነገር ነው። ከጨርቁ ላይ የሚተነው ውሃ ከጠርሙሱ ሙቀት ወስዶ ይሄዳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜ ገባ አይባልም፤ ሙቀት ወጣ ነው የሚባለው።

ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምራቸውን እርስዎም ይያዙ። ሙከራ ሲሠሩ ሦስት ነገር ይጽፋሉ፤ የጠበቅኩት፣ ያየሁት፣ ምክንያቱ። የጠበቁት ቢሳሳት ማንም አይስቅብዎትም። ምክንያቱን ባያውቁ «አላውቅም» ብለው ይጽፋሉ። «ያየሁት» በሚለው ላይ ግን መዋሸት የለም። ያላዩትን አየሁ ካሉ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

በእጅዎ ሊሞክሩት የሚችሉት ነገር ቢኖር ይጻፉልኝ።

መምህርት

የካቲት 15

ይድረስ ለመምህርቴ፣

ውሉን ተቀብያለሁ። ስለ ጉልበቴ ከእንግዲህ አልጽፍም፣ በሳይንስ በኩል ካልመጣ በቀር።

የጠርሙሱ ነገር ገብቶኛል። እርጥብ ልብስ አስጥተን ስንመለስ ክንዳችን ለምን እንደሚቀዘቅዝም አብሮ ገባኝ። ለአጣቢዋ ጓደኛዬ አስረዳኋት። «እኔ እኮ ነፍሴ በክንዴ ልትወጣ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ለካ ውሃው ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዷን እያራሰች ማራገብ ሆኗል ሥራዋ።

በእጄ የምሞክረው አላጣሁም። ካውያ አለኝ።

የጠበቅኩት፦ ካውያው በጋለ ቁጥር የውሃ ጠብታ ቶሎ ይጠፋል።

ያየሁት፦ ሞቅ ባለው ካውያ ላይ ጠብታው ቸስ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ክፉኛ በጋለው ላይ ግን እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ወዲያ ወዲህ ሮጠ፤ ቶሎም አልጠፋም። ደጋግሜ አየሁት።

ምክንያቱ፦ አላውቅም።

ይህን ስሠራ የላውንደሪው ባለቤት ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ለደንበኛ ሁሉ «ነገ ይደርሳል» ስለሚል በሌለበት «ይደርሳል» ነው የምንለው፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«ሙከራ፣ ጋሼ።»

«በእኔ መብራት?»

«ሸሚዞቹ ደርሰዋል።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

በዚያ ቤት «ደርሷል» የሚል ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ ነው መሰለኝ፣ ሸሚዞቹን ሊቆጥር ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣና «እስቲ አንዴ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ጠብታው ሲሮጥ እንደ ሕፃን አንገቱን እያዞረ ተከተለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ነጭ አይደለም። ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት ታዲያ ለምን ነጭ ሆነ?

የወንድምሽ ሚስት

መጋቢት 4

ለወንድሜ ባለቤት፣

የካውያውን ሙከራ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። «መምህር፣ ከየት አመጡት?» ሲሉኝ «አንዲት ተማሪዬ ናት የሠራችው» አልኳቸው። «እንደኛ ጎበዝ ናት?» አሉኝ። «ከእናንተ ይልቅ ትሰማለች» አልኳቸው። የላውንደሪውን ባለቤት ወሬም አነበብኩላቸው። ያን ማንበብ አልነበረብኝም፤ ከትምህርቱ ውጭ ነው። ክፍሉ ለመረጋጋት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብረቱ እጅግ ሲግል የጠብታው የታችኛው ፊት ብረቱን ሳይነካ ይተናል። ያ ተን በጠብታውና በብረቱ መካከል ስስ ትራስ ይሆናል። ጠብታው ከትራሱ በላይ ስለሚንሳፈፍ ሙቀቱ በደንብ አይደርሰውም። ቀረብ ያለ ይመስላል እንጂ አልተነካካም።

ስለ ነጩ ነገር። እንፋሎት አይታይም። ከካውያው ቀዳዳ አጠገብ፣ ነጩ ከመጀመሩ በፊት፣ ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። ልብ ብለው ይዩት። እንፋሎቱ ያለው እዚያ ነው። ነጩ ቀዝቅዞ ወደ ደቃቅ ጠብታ የተመለሰ ውሃ ነው። እጅዎን ወደ ባዶው ቦታ አያስጠጉ፤ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ነው የሚያቃጥለው። ይህን የምለው ስለ ካውያው ነው።

አሁን ከመጽሐፍዎ የዕፀዋት ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። አብረን አንድ ሙከራ እንሥራ። መጋቢት 20 ጠዋት እርስዎ እዚያ እኔ እዚህ፣ በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርገን አንድ አንድ ባቄላ በጥጡና በመስታወቱ መካከል እንትከል። ብርጭቆውን መስኮት ላይ ያስቀምጡ። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይም ይጻፉ፤ ቦታ ያልተጻፈበት ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው። ለብቻዬ የምኖርባት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት፤ ወደ ምዕራብ ታያለች። ፀሐይ የምትገባልኝ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ጠዋት የጎረቤት ግንብ እያየሁ ነው የምለብሰው።

መምህርት

ሚያዝያ 10

ይድረስ ለመምህርቴ፣

ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ያቃጥላል ያልሽው ስለ ካውያው ብቻ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ባዶውን ቦታም አየሁት። ስንት ዓመት እዚያ ቆሜ ስተኩስ አይቼው አላውቅም።

ባቄላዬ በቅሏል። አጣቢዋ «ተማሪው» ብላ ስም አውጥታለታለች። ጠዋት ሥራ ስገባ «ተማሪው አደረ?» ነው የምትለኝ፣ ከእኔ ደህንነት ቀድማ። የእኔ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ይህ ትምህርት ስለሆነ ልጻፈው፤ አንቺ የቤት ሥራሽን ትሠሪበት የነበረው መስኮት ነው። ፀሐዩ ጠዋት ቀድሞኝ ይገባል። ከምሳ በኋላ ጥላ ነው። እንግዲህ ያንቺ ባቄላ ሲነቃ የእኔ ይተኛል ማለት ነው።

የጠበቅኩት፦ ብርጭቆውን በጎኑ ባስተኛው ሥሩም እንደተኛ ያድጋል።

ያየሁት፦ በሁለተኛው ቀን ሥሩ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ መሬት ዞረ። ግንዱ ወደ ላይ ዞረ። ብርጭቆውን አቁሜ ፊቱን ከመስኮቱ ባዞረውም፣ ግንዱ ተጎንብሶ ወደ ብርሃኑ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ አዞርኩት፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ አሳዘነኝና ተውኩት።

ምክንያቱ፦ ሥሩን የመሬት ስበት ይመስለኛል። የግንዱን አላውቅም። ባቄላ ዓይን የለው፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ በምን ያውቃል?

ፈተናውን ትፈሪያለሽ ወይ ብትዪኝ፣ እፈራለሁ። ፈተናው ሰኔ 3 ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሳይንስ ነው። ማታ ማታ መልሱ ሁሉ ከአፌ ላይ ይጠፋና እንቁራሪቱ ብቻ በዓይኔ ይመጣል። የክፍል ልጆች ግን «እማማ ለምን ካለፉ እኛም እናልፋለን፣ ካልወደቁ የሚወድቅ የለም» እያሉ በእኔ ተወራርደዋል። ብወድቅ ከነሱ ጋር ነው የምጣላው።

የወንድምሽ ሚስት

ግንቦት 5

ለወንድሜ ባለቤት፣

የሥሩን በትክክል አግኝተውታል። የግንዱ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ብርሃኑ ግንዱን የሚስበው ይመስለዋል። አይስበውም። ብርሃን በበዛበት ጎን ዕድገቱ ይቀንሳል፤ ጥላ ያረፈበት ጎን ይበልጥ ይረዝማል። አንዱ ጎን ሲረዝም ሌላው ሲያጥር ግንዱ ወደ አጭሩ ጎን፣ ማለትም ወደ ብርሃኑ ይጎነበሳል። ወደ ብርሃን የሚያዞረው በጨለማው በኩል ያደገው ነው። ፈተና ላይ ይህን በሁለት መስመር ይጻፉት፤ ከዚህ በላይ አያስረዝሙት።

የእኔ ባቄላ ይህን ይመስላል።

የጠበቅኩት፦ እንደ እርስዎ ባቄላ ወደ መስኮቱ ይዘነብላል።

ያየሁት፦ አራት ቅጠል አውጥቷል። ጠዋት መጋረጃው ሲገለጥ ፀሐይ በቀጥታ ታርፍበታለች፤ ቅጠሎቹ እስከ ረፋድ ዘርጋ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው። ግንዱ መሀል ላይ ጠመዝማዛ አለበት፤ አንዴ ወዲያ ዘንብሎ ኋላ ወዲህ የዞረ።

ምክንያቱ፦ ኋላ እጽፈዋለሁ።

ጽሑፌ ቢጣመም ጠረጴዛ ላይ ስላልጻፍኩት ነው። የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ስለሆነ እስከ ሰኔ አጋማሽ ደብዳቤ ባይደርስዎት አይገረሙ። እርስዎም አይጻፉልኝ፤ ያጥኑ። ሰኔ 3 ጠዋት ሌላ ሐሳብ ሳይኖርብዎት ፈተና ክፍል እንዲገቡ ነው የምፈልገው።

በደንብ ይተኙ። ያነበበና ያልተኛ ሰው፣ ተኝቶ ካላነበበው አይሻልም።

መምህርት

ግንቦት 13

ይድረስ ለመምህርቴ፣

አትጻፊ ብለሽኝ ጻፍኩ። ስለ ትምህርቱ ስለሆነ ውሉን አላፈረስኩም።

የጠበቅኩት፦ ያንቺ ባቄላ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መስኮትሽ ወደ ምዕራብ ታያለች ብለሽኛልና።

ያየሁት፦ ጠዋት እንደሚያገኝ ጻፍሽልኝ። የእኔን ባቄላ ነው የገለጽሽልኝ።

ምክንያቱን ስፈልግ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ተሳስታ ነው አልኩ። ግን አንቺ ያላየሽውን አትጽፊም። ቀጥሎ ቤት ቀይራ ይሆናል አልኩ። ቤት የቀየረ ሰው ግን «ቤት ቀየርኩ» ይላል እንጂ ምክንያቱን ኋላ እጽፈዋለሁ አይልም። ምድር ወደ ኋላ መዞር ጀምራ እንደሆነም ብዬ በማግስቱ ማልጄ ወጣሁ። አልጀመረችም፤ ፀሐይ በቦታዋ ወጣች።

ስለዚህ የተንቀሳቀሰው ብርጭቆው ነው። ጠመዝማዛውም እሱን ይናገራል። ደግሞ ለብቻሽ የምትኖሪ ሰው ሆነሽ «መጋረጃው ሲገለጥ» አልሽ እንጂ «ስገልጥ» አላልሽም። መጋረጃሽን ጠዋት ሌላ ሰው ከገለጠልሽ፣ አልጋ ላይ ነሽ ማለት ነው። ወንድምሽ የተኛበት ክፍል መጋረጃም ጠዋት ጠዋት በሌላ ሰው እጅ ነበር የሚገለጠው። እሱ ዞር ብሎ «ዛሬም ነጋ?» ይላት ነበር ነርሷን።

ይህ መስመር ከውሉ ውጭ ነው። እወቂልኝ፤ ልሰርዘው አልፈለግኩም።

የት ነሽ? ምን አገኘሽ? ለእኔ ሲባል የተደበቀ ነገር ካለ ንገሪኝ። አንቺን ይህን ለመጠየቅ ከማንም በላይ የማይገባኝ እኔ ነኝ። ግን ጠየቅኩ።

የወንድምሽ ሚስት

ግንቦት 21

ለወንድሜ ባለቤት፣

ደብዳቤዎን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ያመጣልኝ። ሆስፒታል ነኝ። ሆዴ ውስጥ እብጠት ተገኝቶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ገባሁ። ባቄላውን ይዤው የገባሁት ለእርስዎ የጀመርኩትን ሙከራ ማቋረጥ ስላልፈለግኩ ነው። ነርሶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ግን ውሃ የሚያጠጡት እነሱ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ሰኔ 3 ጠዋት ነው። ክፉ ይሁን ደግ ወጥቶ ከታየ በኋላ ነው የሚታወቀው። ሐኪሙ ለጊዜው ምንም አይለኝም፤ እኔም «ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» ብዬዋለሁ።

እውነቱን ልጻፍ። ቀኑን ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የእርስዎ ፈተና ነው። ያን ቀን ነው። ወዲያው በልቤ «ፈተናዋን እስክትጨርስ አትስማ» አልኩ። ብዙም አላሰብኩበትም፤ ቸር ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። የግንቦት 5ን ደብዳቤ በዚያ ሐሳብ ነው የጻፍኩት። ለማን እንደምጽፍ የገባኝ ፖስታው ከተላከ በኋላ ነው። የወንድሜን ቃል ነበር የደገምኩት። ስምንት ዓመት የተቆጣሁበትን ነገር ለመሥራት አንድ ደቂቃ አልወሰደብኝም።

ያኔ እንዴት እሺ አሉት እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። ጠይቄዎት አላውቅም።

የምፈልገው እንዲፈተኑ ነው። ነገር ግን ይህ የእኔ ፍላጎት ነው። እኔ ያልተሰጠኝን ለእርስዎ እሰጣለሁ፤ የሆነውን ነግሬዎታለሁ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ቅር አይለኝም።

ይህን መጻፍ አድክሞኛል። ከተፈተኑ፣ የጥያቄ ወረቀቱ ሲሰጥዎት ቀለል ያሉትን መጀመሪያ ይሥሩ።

መምህርት

ሰኔ 1

ይድረስ ለእህቴ፣

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ። የፖስታ ቤቱ ሰው «ነገ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ከሆነ ምን ያስጽፍዎታል?» አለኝ። ደብዳቤሽ መልስ የሚፈልግ ስለሆነ ነው። ምርጫዬን በእጅ ጽሑፌ ላኑረው ብዬ ነው።

እመጣለሁ። ፈተናው የዓመት ሰው ይበለኝ። መምህራችን «ዓመቱ መባከኑ አይደል?» አለኝ። «ተምሬበታለሁ፣ ምኑ ባከነ?» አልኩት። ልጆቹ ውርርዱ ፈረሰ ብለው ጮኹብኝ፤ ኋላ አዋጥተው ለመንገዴ ብርቱካን ገዙልኝ። ለ«ይደርሳል» ስነግረው ራሱን እየወዘወዘ «ስንት ቀን?» አለ። «እስክትነሳ» አልኩት። «ልብሱስ?» አለኝ። «ነገ ይደርሳል» አልኩት። ሳቀ። በሳቁ ውስጥ እሺ እንዳለ ያዝኩት።

ለመካካስ የምመጣ እንዳይመስልሽ። ያ አይካካስም፤ እኔም አውቀዋለሁ። ወንድምሽን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ብለሽ ጽፈሻል። ልንገርሽ፤ እምቢ ማለቱ አልነበረም የከበደኝ። እሺ ብዬ ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስቆም ነው የከበደኝ። ተመልሼ መግባት እችል ነበር። አልተመለስኩም። ያኔ የተባልኩትን ሠራሁ። አሁን የመረጥኩትን ልሥራ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር መርጬ አላውቅም፤ መምረጥን እንኳ የተማርኩት ካንቺ ነው፣ የሆነውን ስለነገርሽኝ።

ተማሪውን ይዤዋለሁ። አጣቢዋ ብርጭቆውን በፎጣ ጠቅልላ «መስኮት ዳር አስቀምጪው፣ አገር ይይ» ብላኛለች። መጽሐፍሽንም ይዣለሁ። የምተኛበት ቦታ እንዳታስቢልኝ፤ ወንበር ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ብነቃም ብተኛም፣ ስትነቂ እዚያ ነኝ።

የወንድምሽ ሚስት

ሐምሌ 20

እትዬ፣

ቤትሽ በደህና መግባትሽን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ሻንጣውን ራስሽ አንስተሽ ደረጃ መውጣትሽን ግን አልወደድኩትም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ውሉ ስለፈረሰ በዝርዝር ጻፊልኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ውጤቱ ትናንት መጣ፤ ክፉ አይደለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ ደግሞ ደግሞ አነበበልኝ። «እመቤቲቱ ለምንድነው ያልመጡት? ዛሬ ለሚጠይቁት ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር» አለ። ነርሶቹም ይጠይቁሻል። «እማማ ለምን» የሚለውን ስም እዚህ ማን እንዳወራ እኔ አላውቅም፤ እኔ ነኝ ብለው ቢነግሩሽ እንዳታምኚ።

አሁን ቀስ እያልኩ እስከ ግቢው በር እሄዳለሁ። ተማሪውንና የእኔን ባቄላ አብሬ በጣሳ አፈር ተክያቸዋለሁ። ሁለቱም መስኮቴ ላይ ናቸው፣ በምዕራብ በኩል። የእኔው ጠመዝማዛ ከጎኑ ካለው ተማሪሽ ይልቅ ያማረ ይመስለኛል፤ ስትከራከሪኝ አየሁሽ።

ፈተናውን በመተውሽ እስካሁን ተናድጄብሻለሁ። ቅር አይለኝም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፣ ይለኛል። በዚህ ምክንያት ክረምቱን ስለ ግፊትና ስለ ብርሃን እንዲሁም ስለ ኤሌክትሪክ ላስጠናሽ ወስኛለሁ። በፖስታ አይሆንም። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ሐኪሙ ደግሞ በመጪው ሳምንት መንገድ መሄድ ትችያለሽ ብሎኛል። ያን መስኮት አጽድተሽ ጠብቂኝ። ጠረጴዛው እስካሁን ካለ ወደ መስኮቱ አስጠጊው።

አንድ ያልጻፍኩት ሙከራ አለ። የሰኔ 3 ነው፤ ማደንዘዣው ሲለቀኝ የሆነ።

የጠበቅኩት፦ ባዶ ወንበር። ፈተና ክፍል ትሆናለች ብዬ ነበር።

ያየሁት፦ አንቺን፣ ወንበሩ ላይ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተኝተሽ። መጽሐፌ ጭንሽ ላይ ተገልጦ፣ እንቁራሪቱ ወደ እኔ ዞሮ። መስኮቱ ላይ ሁለት ባቄላ።

ምክንያቱ፦ ስመጣ እነግርሻለሁ።

ሚጢ